ሰው መሳይ ሮቦት እናቴን ይጦርልኛል ወይ? ለከዚራዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

እህቴ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል ጥያቄሽን መጀመሪያ በአጭሩ ላስቀምጠው። እናትሽ ድሬዳዋ ከዚራ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም በየቀኑ ይወስዳሉ። አብራቸው የነበረችው የቤት ሠራተኛ ልጅ አረብ አገር ሄዳለች፤ አንቺ ሥራሽ ሐረር ስለሆነ የምትደርሺላቸው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድምሽ ደግሞ “ቤት የሚያጸዳ፣ ዕቃ የሚያጥብ ሰው መሳይ ሮቦት በ20,000 ዶላር ወጥቷል፤ ቀብድ ልክፈልና ለእማዬ ልላክላት” ብሎሻል። የጠየቅሽው ነገሩ እውነት መሆኑን፣ እናትሽ ቤት ይሠራ እንደሆነ፣ አሁን ካልሆነም መቼ እንደሚደርስ ነው። 10ኛ ክፍል የሆነው ልጅሽ “ሥራ ሁሉ በሮቦት ሊወሰድ ነው” እያለ ማጥናት መሰላቸቱንም ጨምረሻል።

ነገሩ እውነት ነው። እናትሽ ቤት ግን አይሠራም፤ ቀብዱን አትክፈሉ። እኔ አውቶማቲክ ማሽን እየጠገንኩና ተማሪዎችን የሮቦት ቁጥጥር እያስተማርኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ሰው መሳይ ሮቦት አንድ ቀን ቤታችን ይገባል ብዬም አምናለሁ። አትክፈሉ የምለው ማሽኑ ዛሬ ምን እንደሚችልና ምን እንደሚጎድለው ስለማውቅ ነው፤ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

እኛ አገር ሰው መሳይ ሮቦት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሶፊያን ነው። ሆንግ ኮንግ ያለው ሃንሰን ሮቦቲክስ የሠራት፣ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስም በሶፍትዌሯ የተሳተፈባት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር የተገናኘችው ናት። ሶፊያ የተሠራችው ለፊትና ለንግግር ነው። ትናገራለች፣ ፈገግ ትላለች፤ ብርጭቆ ማጠብ ሥራዋ አይደለም። ወንድምሽ ያየው ሌላ ዓይነት ነው። ከገለጻሽ እንደተረዳሁት ዋን ኤክስ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለሽያጭ ያቀረበው ኒዮ ነው። ዋጋው 20,000 ዶላር፣ በኪራይ ከሆነ በወር 499 ዶላር፤ ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ፤ ላዩ በለስላሳ ጨርቅ የተሸፈነ። ለቤት ተብለው ከተሠሩት ውስጥ በጥንቃቄ የታሰበበት ነው፤ ይህን አልክድም።

ሮቦቶቹ በቪዲዮ ሲደንሱና በአየር ላይ ሲገለባበጡ ያየ ሰው “እንዲህ የሚዘል ነገር ወለል መጥረግ ያቅተዋል?” ማለቱ አይቀርም። ግን መገለባበጡ ከመጥረጉ ይቀላል። ሮቦት እግሩን የሚያሠለጥነው ኮምፒውተር ውስጥ በተሠራ ምናባዊ ዓለም ነው። እዚያ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ሚዛን መጠበቅ ይማራል፤ ከዚያ የተማረው ወደ እውነተኛው አካል ይገለበጣል። ይህ የሚያዋጣው ጠንካራ እግር ጠንካራ መሬት ሲረግጥ የሚሆነውን ኮምፒውተር አሳምሮ ማስላት ስለሚችል ነው። ጨርቅ ሲታጠፍ፣ ሊጥ ሲሳብ፣ ሳሙና የነካው ሳህን ከጣት ሲያመልጥ የሚሆነውን ማስላት ግን ገና ነው። ለዚህ ነው ቪዲዮው ላይ ምንም ሳይነኩ የሚደንሱት።

እግሩም ቢሆን እዚህ የደረሰው በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ቤጂንግ ላይ ሮቦቶች በተከለለ መስመር ከሰዎች ጎን ግማሽ ማራቶን ሮጠው ነበር። አብዛኞቹ አልጨረሱም። አንደኛ የወጣው ትየንጎንግ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀበት፤ አሠልጣኞቹ አብረውት እየሮጡ መንገድ ላይ ባትሪ ሦስት ጊዜ ቀየሩለት። የዚያን ዕለት የሰዎቹን የወንዶች ውድድር በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ያሸነፈው የእኛው አገር ልጅ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሩጫው በጣም ተሻሽሏል፣ መሻሻሉም ይቀጥላል። የእግሩ ነገር አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ እጁ ነው። ወርክሾፓችን ውስጥ ተማሪዎች አንድ የሮቦት ክንድ ላይ ሁለት ጣት ገጥመው ክኒን ከማሸጊያው እንዲያወጣ ለማድረግ ሞክረው ነበር። እናትሽ በየጠዋቱ የሚያደርጉት ነገር ነው። በአውራ ጣታቸው ፕላስቲኩን ይጫኑታል፤ ከጀርባ ያለው ስስ ብረት ጠሽ ሲል ጣታቸው ይሰማዋል፤ ሳያስቡት ግፊቱን ይቀንሳሉ፤ ክኒኑ መዳፋቸው ላይ ዱብ ይላል። ክንዱ ግን ኃይሉ ሲያንስ ማሸጊያውን ያጎብጠዋል እንጂ አይቀደውም፤ ሲበዛ ክኒኑን ያደቀዋል። ልኩን ያገኘ ጊዜ ደግሞ ክኒኑ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ ክንዱም መውጣቱን ሳያውቅ ባዶውን ማሸጊያ እንደያዘ ይቆማል። ካሜራው እንዳያይ ጣቱ ራሱ ይጋርደዋል፤ የሚዳስስ ቆዳ ደግሞ የለውም። ተማሪዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ብዙ ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ጋር ነው።

የሰው እጅ 27 አጥንት አለው። በመዳፍ በኩል ባለው ቆዳ ላይ ብቻ 17,000 ገደማ ንክኪ የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ መንሸራተትን፣ ንዝረትን፣ ግፊትን ለየብቻ ይነግሩናል። እንጀራ ከምጣድ የምታወጣ ሴት ዳሩን በጣቷ ቀና ስታደርግ መብሰሉን፣ መለጠፉን፣ ሊቀደድ መሆኑን የምታውቀው በእንፋሎት መሀል በዚያ ቆዳ ነው፤ ሰፌዱን የምታስገባበትን ቅጽበት የሚወስነውም እሱ ነው። ለዚህ የሚሆን የሮቦት ጣት ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ሃንስ ሞራቬክ የተባለ የሮቦት ተመራማሪ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አስተውሎታል። ለእኛ የሚከብደን ሂሳብና ቼዝ ለማሽን ይቀላል፤ የዓመት ሕፃን የሚያደርገው ማንሳትና ማስቀመጥ ደግሞ ማሽንን ያደክመዋል። ጽሑፍ የሚጽፉልን የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በፍጥነት የበረቱት ሰው ለዘመናት የጻፈውን ተዘጋጅቶ ስላገኙት ነው። እጅ የሚሠራውን ግን ማንም መዝግቦ አላስቀመጠም። ኩባንያዎቹ አሁን ሰዎችን ካሜራና ጓንት እያስለበሱ ሳህን ሲያጥቡ፣ ልብስ ሲያጥፉ የሚቀርጹት ለዚህ ነው።

ታዲያ እጁ ካልበረታ ለሽያጭ የቀረበው እንዴት ነው ትይኝ ይሆናል። ከሩቅ የሚነዳው ሰው አለ። ኒዮ ራሱ የማይችለው ሥራ ሲገጥመው የኩባንያው ሠራተኛ መነጽር አድርጎ በሮቦቱ ዓይን እያየ በእጁ ይሠራል፤ ኩባንያው ይህን አልደበቀም። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጋዜጣ ሮቦቱን ሲሞክር፣ ሦስት ዕቃ ወደ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ለማስገባት 5 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ያንንም የሠራው ከጀርባ ሆኖ የሚነዳው ሰው ነበር። ቴስላ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ባዘጋጀው ድግስ ላይ መጠጥ ሲቀዱና ከእንግዳ ጋር ሲያወሩ የታዩት ኦፕቲመስ ሮቦቶችም የሰው እገዛ ነበራቸው።

ይህ እናትሽ ቤት ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ሲለብሱና ሲያወልቁ፣ ሲጸልዩ፣ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ የሚያይ ካሜራ ቤት ውስጥ ይዞራል። ኩባንያው ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሠራተኛው አይገባም፣ የማይገባባቸው ክፍሎች መለየት ይቻላል፣ የሰው መልክም ይደበዝዛል ይላል፤ ጥሩ ነው። ግን ፈቃዱን ስልክ ላይ የሚሰጠው ማነው? ወንድምሽ ነው እንጂ እናትሽ አይደሉም። እኛ ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ እንጠይቃለን፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች እናውቃለን። ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ ቤቱን ለሚያየው ሰው ተያዥ የሚሆነው ማነው? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ቢሆንም ውቅያኖስ ማዶ ላለ ቪዲዮ ድሬዳዋ ሆኖ መክሰስ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚቻል አንቺም ትገምቺዋለሽ።

ከሁሉ በላይ ግን የምፈራው መውደቁን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለ የሮቦት ክንድ አደጋ ሲመጣ ቀዩ ቁልፍ ይጫናል፣ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ባለበት ይቆማል። በሁለት እግሩ የሚቆም ሮቦት ግን መቆሙ ራሱ ሥራ ነው፤ ሞተሮቹ በየቅጽበቱ ሚዛን እየጠበቁ ነው ያቆሙት። ኃይሉን ብታቋርጪው ይወድቃል። ስለዚህ ለሌላ ማሽን መዳኛ የሆነው ቁልፍ ለእሱ አደጋ ነው። ለፋብሪካ ሮቦት አይ.ኤስ.ኦ 10218፣ ለግል እንክብካቤ ሮቦት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አይ.ኤስ.ኦ 13482 የሚባሉ የደህንነት መመዘኛዎች አሉ። ራሱን እያመጣጠነ ለሚቆም ሮቦት የሚሆነው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ግን ገና እየተዘጋጀ ያለ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ሊነሱ ሲሉ አጠገባቸው የቆመ ነገር መያዛቸው አይቀርም። 30 ኪሎ ማሽን ሲደገፉት አብሮ ቢወድቅ፣ በእሳቸው ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ጃፓን ውስጥ ሪከን የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ሰውን ከአልጋ አንሥቶ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ ሮቢር የተባለ ሮቦት አሳይቶ ነበር። ሰው ሲያነሳ እንዳይገለበጥ 140 ኪሎ ሆነ፤ ከምርምርም አላለፈም። ዛሬ ለቤት የሚሸጡት ዕቃ ለማንሳት እንጂ ሰው ለማንሳት አልተሠሩም። ወንድምሽ በልቡ ያሰበው ደግሞ እናቱን ደግፎ የሚያነሳ ይመስለኛል።

የድሬን ነገር ደግሞ ልጨምር። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ የገዛ ሞተሩ ሙቀት ተጨምሮበት እዚያ መድረስ ሩቅ አይደለም። ነፋስ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ የሚያነሳው አሸዋ በማቀዝቀዣው ቀዳዳ ይገባል። መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነጂው ያለውን አያይም፣ ሮቦቱ እጁን እንደዘረጋ ይቆማል። እናትሽም እንደ ማንኛውም የድሬ እናት በአንድ አረፍተ ነገር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፤ እንዲህ ያለውን ንግግር አጥርቶ የሚሰማ ማሽን አላየሁም። እያንዳንዱ መፍትሔ ይገኝለት ይሆናል። ሁሉንም አንድ ላይ እንዲችል ለከዚራ ተብሎ የሚሠራ ኩባንያ ግን ዛሬ የለም።

ሲበላሽስ? ባጃጅ ድሬን የሞላት በየሰፈሩ ጋራዥ፣ በየሱቁ መለዋወጫ ስላለ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ያበቃው ፔጆ 404 ሐረር ላይ ታክሲ ሆኖ ሲሠራ የኖረው የሐረር መካኒኮች ስላልተዉት ነው። ማሽን የሚኖረው የሚጠግነው ሰው ባለበት ነው። ሰው መሳይ ሮቦት በየመገጣጠሚያው ሞተር፣ ረቂቅ ማርሽና ሴንሰር አለው፤ አንዱ ማርሽ ቢያልቅ ድሬ ላይ የሚቀርጽ የለም፣ ሶፍትዌሩም የተቆለፈ ነው። ኩባንያው ራሱ ቢዘጋ ደግሞ ጭራሽ አለቀ። ጂቦ የተባለው የቤት ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2017 በ899 ዶላር ሲሸጥ ነበር፤ በ2019 ሰርቨሩ፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ የሚያሠራው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ሊዘጋ መሆኑን ለባለቤቶቹ ራሱ እየነገረ ተሰናበታቸው። ለልጆች ጓደኛ ተብሎ በ799 ዶላር የተሸጠው ሞክሲም በ2024 መጨረሻ ኩባንያው ሲዘጋ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሉት አጥተው ነበር። ለብቻቸው የሚኖሩ እናት የለመዱት ነገር በድንገት ዝም ሲላቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቢ።

እንግዲህ “ለምን ሰው እንዲመስል ይደክማሉ?” ብለሽ ብትጠይቂ ትክክል ነሽ፤ መልስም አለው። ዓለማችን ለሰው አካል የተሠራ ነው። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ፤ ነደባው፣ ማለትም መቀመጫ መደቡ፣ ከፍ ዝቅ እያለ እርከን በእርከን ነው፣ ጫማ ይወለቃል፣ ዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። ጎማ ያለው ሮቦት እዚያ ደጃፉ ላይ ይቀራል። እግርና እጅ ያለው ከሆነ ቤቱን ሳናፈርስ ቤቱን ይለምዳል። ይህ ክርክር ያሳምነኛል፤ በስተመጨረሻም የሚያሸንፍ ይመስለኛል። እስከዚያ ግን ሥራ የሚያቀልልን ሰው የማይመስለው ማሽን ነው። ልብስ ማጠቢያ ማሽን እጅ የለውም፣ የእናትሽን ወገብ ግን ያሳርፋል።

ሰው መሳዩ መጀመሪያ የሚገባው መጋዘንና ፋብሪካ ነው፤ ገብቷልም። ዲጂት የተባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጆርጂያ፣ አሜሪካ በሚገኝ የጂ.ኤክስ.ኦ መጋዘን የፕላስቲክ ሳጥን ሲያመላልስ ቆይቷል። የፊገር ኩባንያ ሮቦት ደግሞ በቢ.ኤም.ደብሊው የስፓርታንበርግ ፋብሪካ ብረት ወደ ማሽን ሲያስገባ ተሞክሯል። እዚያ ወለሉ ልሙጥ ነው፣ ሳጥኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ሰው ከአጠገቡ ይርቃል፣ ቴክኒሻን እዚያው አለ። እኛ ዘንድም ቢመጣ በቅድሚያ የማየው ነፃ የንግድ ቀጠናው መጋዘን ውስጥ እንጂ ከዚራ ሳሎን ውስጥ አይደለም። ዋጋው እየወረደ መሆኑ እውነት ነው። የቻይናው ዩኒትሪ በ2024 ጂ ዋን የተባለውን በ16,000 ዶላር፣ በ2025 አር ዋንን በ5,900 ዶላር አውጥቷል። ነገር ግን በዚያ ዋጋ የምታገኚው የሚራመድና የሚገለበጥ አካል ነው፤ የሚሠራ ጣት ለብቻው ይገዛል።

ለችኮላ ማስጠንቀቂያ የሚሆን አንድ ነገር ልንገርሽ። ጃፓን ናጋሳኪ ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ሄን ና የተባለ ሆቴል በሮቦት አስተናጋጆች ተከፍቶ ነበር። በ2019 ከ243 ሮቦቶቹ ከግማሽ በላዩን አሰናበተ፤ ሥራ ከመቀነስ ይልቅ ለሰዎቹ ሥራ ጨምረውባቸው ነበርና። ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው ትንሽ ሮቦት የእንግዳውን ማንኮራፋት እንደ ጥያቄ እየቆጠረች “ይቅርታ፣ አልሰማሁም” እያለች ከእንቅልፉ ትቀሰቅሰው ነበር። ይህ በጃፓን መብራትና በጃፓን ቴክኒሻን የሆነ ነው።

መቼ ላልሽው የራሴን ግምት ልስጥሽ። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ፋብሪካና መጋዘን ውስጥ በብዛት እናያቸዋለን። ሀብታም አገር ባሉ ቤቶችም ይገባሉ፤ ግማሹን ሥራ ከሩቅ ሰው እየሠራላቸው። ያለ ነጂ ምግብ የሚያበስል፣ መድኃኒት የሚሰጥ፣ ሽማግሌ ደግፎ የሚያነሳ፣ ድሬ ላይ የሚጠገን ሮቦት ግን ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እጠብቃለሁ ብል እናትሽን መዋሸት ይሆናል። እሳቸው ጧሪ የሚያስፈልጋቸው ዛሬ ነው፤ ቀብዱ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ስለ ልጅሽ አጠር ላድርገው። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው መንገድ ሂዱና ልብስ ሰፊዎቹን አብራችሁ ተመልከቱ። ጨርቁን በግራ እጅ እየሳቡ፣ እየወጠሩ፣ እያዞሩ ነው የሚሰፉት፤ ሮቦትን እስካሁን ከከበዱት ሥራዎች አንዱ ይኸው ጨርቅ መያዝ ነው። ቶሎ የሚነካው ሥራ ሳጥን የሚያነሳው ነው እንጂ እጅና ዓይን አቀናጅቶ የሚሠራው አይደለም። ኤሌክትሪክ፣ የማሽን ቁጥጥርና ፕሮግራም ቢማር አይቆጭም፤ ሮቦት በመጣ ቁጥር ጠጋኝ ይፈለጋልና። ሌላም ሥራ እየመጣ ነው። ጃፓን ውስጥ በየሱቁ መጠጥ የሚደረድሩትን የቴሌኤግዚስተንስ ሮቦቶች የሚከታተሉትና ሲሳሳቱ ከሩቅ የሚያግዟቸው ማኒላ፣ ፊሊፒንስ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶች ናቸው። ጥሩ ኢንተርኔት ካለ ይህ ሥራ ድሬም ሊመጣ ይችላል። ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ወጣቱ በርካሽ እየተከፈለው ነገ እሱን የሚተካውን ማሽን እንዳያሠለጥን ውሉን ማንበብ መልመድ አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 20,000 ዶላር በአሁኑ ምንዛሪ ከ2 ሚሊዮን ብር ያልፋል፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይታከል። የወር ኪራዩ ብቻ ድሬ ላይ ለቤት ሠራተኛ ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ ነው። ቆራጥ ሆኜ የምነግርሽ ይህን ነው፦ ያቺ ልጅ አረብ አገር የሄደችው የተሻለ ደመወዝ ፍለጋ ነው። ወንድምሽ ለማሽን ሊከፍል ካሰበው ሩቡን ለሰው ቢከፍል፣ የዕረፍት ቀንና የትምህርት ሰዓት ያላት፣ በወጉ የምትከፈል ሠራተኛ ታገኛላችሁ፤ ማታ ትምህርት የምትማር ከሆነ ደግሞ በዚያ ሰዓት የምትተካት ተመላላሽ ሌላ ሴት መጨመር ይቻላል። የሰው ጉልበት ርካሽ ነው ብለን እያቃለልን ለብረት ግን በዶላር ለመክፈል መቸኮላችን ያሳዝነኛል። እናትሽ ቡና አፍልተው የሚያወሩት ሰው ይፈልጋሉ፤ ይህ ደግሞ ከመድኃኒታቸው አያንስም።

በቀረው ገንዘብ ቤቱን አስተካክሉ። ሽማግሌ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መጸዳጃ ቤትና መታጠቢያ ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ በወፍራም ብሎን የታሠረ የብረት መያዣ፣ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ የማያንሸራትት ወለል፣ ሌሊት ሲነሱ ራሱ የሚበራ በባትሪ የሚሠራ መብራት አድርጉ። የደጃፉን ደፍ አስነሡት ወይም በሲሚንቶ ተዳፋት አድርጉት። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከቮልቴጅ መጠበቂያ ጋር፣ ውሃ ስለሚቋረጥ ደግሞ ሮቶ በትንሽ ፓምፕ ይኑራቸው። ለመድኃኒቱ የሰባት ቀን ክኒን ማስቀመጫ ገዝተሽ እሁድ እሁድ ሙዪላቸው፤ ማሸጊያውን መታገሉ ይቀርላቸዋል፣ መዋጣቸውንም ክፍሉን በማየት ታውቂያለሽ። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ስልክ ላይ ያንቺና የጎረቤት ቁጥር በአንድ ንክኪ እንዲደውል ይሞላ። የደም ግፊት መለኪያው ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ዓይነት ይሁን፤ የእጅ አንጓው ይሳሳታል።

ወንድምሽ ይህን ሁሉ ሰምቶ “የለም፣ እገዛለሁ” ካለ፣ ቀብዱን ከመላኩ በፊት ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቅ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋስትናው ይሠራል ወይ? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ምን ይሠራል? ነጂው ማነው፣ ቪዲዮው የት ይቀመጣል፣ ለስንት ጊዜ? ቆሞ ሳለ ኃይሉ ቢቋረጥ ወዴት ይወድቃል? ኩባንያው ቢዘጋ ማሽኑ ይሠራል ወይ? ለአምስቱም ጥርት ያለ መልስ በጽሑፍ ካገኘ ላኪልኝና አብረን እናንብበው።

ለመጸዳጃ ቤቱ መያዣ ደግሞ የሚከተለውን ለክተሽ ላኪልኝ፦ የመቀመጫው ቁመት ከወለል፣ ከመቀመጫው እስከ ጎን ግድግዳው ያለው ርቀት፣ ግድግዳው ብሎኬት ይሁን ድንጋይ ወይስ ጭቃ፣ እናትሽ ሲነሱ የሚደገፉበት እጅ የትኛው እንደሆነ። ከዚራ ያሉት አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ልስኑ ግን ይፈረፈራልና ብሎኑ ልስኑን አልፎ ድንጋዩ ውስጥ ካልገባ አይይዝም። ብየዳውን ሳቢያን ያለ ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል፤ ልኩንና የሚታሠርበትን ቁመት እኔ እሰጥሻለሁ።